ተመርቃችሁ ወሎ ቤታችሁ ስትመለሱ፦ የተወዘፈውን ኑሮ ደረጃ በደረጃ የማቃለያ መመሪያ

ሐምሌ በገባ ቁጥር አንድ ጥያቄ በተለያየ ሰው አፍ ይደርሰኛል፤ «ተመርቄ ቤት ገባሁ፣ ከምን ልጀምር?» የሚል። ጠያቂው ደሴ ይሁን ኮምቦልቻ፣ ወልድያ ይሁን መካነ ሰላም፣ የተቆለለው ነገር ይመሳሰላል፦ ያልተደረሰ ለቅሶ፣ ያልታየ ሙሽራ፣ ጊዜው ያለፈበት መታወቂያ፣ ከሬጅስትራር ያልወጣ ወረቀት፣ ያልተመለሰ ብድር፤ በዚያ ላይ «ሥራስ?» የሚለው ጥያቄ። ሁሉም ባንድ ጊዜ ሲወርድ ብዙ ልጅ ክፍሉን ዘግቶ ስልኩን እየነካካ ክረምቱን ይጨርሳል። መልሴን እዚህ ባንድ ቦታ አስቀምጬዋለሁ።

ቅደም ተከተሉን አትለውጡት። ጊዜ ሲሄድ ከሚከብደው ወደማይከብደው የተደረደረ ነው። ለቅሶ በዘገየ ቁጥር ይከብዳል። የዩኒቨርሲቲ ወረቀትም ከግቢው በራቃችሁ ቁጥር ይከብዳል። ሥራ ፍለጋ ግን ሁለት ሦስት ሳምንት ቢቆይ የሚጎዳው ነገር ትንሽ ነው። ሁሉንም በስድስት ሳምንት ገደማ መጨረስ ይቻላል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- አንድ ባለ መስመር ደብተር። ስልክ ላይ አትጻፉት፤ እናትና አባታችሁ ገልጠው እንዲያዩትና እንዲጨምሩበት ነው።
- ከዩኒቨርሲቲ ያመጣችሁት ወረቀት ሁሉ፦ ጊዜያዊ ዲግሪ፣ ስቱደንት ኮፒ፣ የክሊራንስ ቅጽ፣ የወጪ መጋራት ውል ቅጂ፣ የመውጫ ፈተና ውጤት።
- የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬት፣ የ10ኛ ክፍል ለተፈተናችሁም እሱ።
- ስምንት ያህል ጉርድ ፎቶ፣ አንድ ፍላሽ፣ ውኃ የማያስገባ የፕላስቲክ ማኅደር። በክረምት የደሴ ዝናብና ጭጋግ ወረቀት ያበላሻል።
- ለምትጠይቋቸው ቤቶች ቡናና ስኳር።
- ነጠላ፣ ጋቢ ወይም ሻርፕ፤ ለቅሶ ቤት ከግቢ በመጣችሁበት አለባበስ አይገባም።
- ለታክሲ፣ ለፎቶ ኮፒና ለስካን የሚሆን ትንሽ ብር። ከሌላችሁ ቤተሰብን ባንድ ጊዜ ጠይቁ፤ በየቀኑ ሃያ ሃያ ብር መለመን እናንተንም እነሱንም ያሰለቻል።

ደረጃ 1፦ ከእናታችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ ዝርዝሩን አውጡ

እናት ከሌለች አክስት፣ አያት፣ ታላቅ እህት። የሰፈሩንና የዘመዱን ጉዳይ የሚያውቅ ሰው መሆን አለበት። ጥሩው ሰዓት የቡና ሰዓት ነው፤ ከአቦል እስከ በረካ ያለው ጊዜ ለዚህ ይበቃል።

የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ «ስማር ሳለሁ ያልነገራችሁኝ ነገር አለ?» ይሁን። ይህን ጥያቄ የማስቀድመው በምክንያት ነው። ቤተሰብ «ፈተና ላይ ነው፣ አትንገሩት» ብሎ ሞት ይደብቃል። ልጁ ተመርቆ ይመጣና መንገድ ላይ የሟች ጎረቤት «ነፍስ ይማር» ሲለው ይሰማል። እንዲያ ከምትሰሙት ቤታችሁ ውስጥ፣ ከእናታችሁ አፍ ስሙት። ከባድ መርዶ ሆኖ ከተገኘ ደብተሩን ዝጉት፤ አልቅሱ፤ ዝርዝሩ በሌላ ቀን ይቀጥላል።

ከዚያ በኋላ እነዚህን አንድ በአንድ ጠይቁ፦ ማን አረፈ? ማን አገባ? ማን ወለደች? ማን ታሞ ተነሣ፣ ማንስ ገና አልጋ ላይ ነው? ማን ቤት ቀየረ? እኔ ስማር ማን ገንዘብ ረዳን? ከማን ጋር ተቀያይመናል? የመጨረሻዋን ጥያቄ እንዳትዘሉ። ቤተሰባችሁ በድንበር ወይም በውርስ ከተኳረፈው ሰው ቤት ሳታውቁ ሄዳችሁ ቡና ከጠጣችሁ፣ ቀላል የነበረው ነገር ይወሳሰባል። መሄዱ ክፉ ነው ማለቴ አይደለም፤ ማወቅና አባታችሁን አማክሮ መሄድ ያስፈልጋል።

በደብተሩ ላይ አንድ መስመር እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ሰኞ ገበያ ያሉት አክስት፦ ባላቸው ጥር ላይ አረፉ፤ አልደረስኩም፤ ከእማዬ ጋር ማክሰኞ።»

«ኮምቦልቻ የአባባ ጓደኛ፦ ቀዶ ሕክምና አድርገው ነበር፤ በስልክ ብቻ ጠይቄአለሁ፤ ብቻዬን እሄዳለሁ።»

«ሪያድ ያለችው የአጎቴ ልጅ፦ ሦስተኛ ዓመት ላይ ላፕቶፑን የገዛችልኝ፤ ውጤቴን አልነገርኳትም።»

ማን፣ ምን ሆነ፣ እኔ ምን አጎደልኩ፣ መቼና ከማን ጋር እሄዳለሁ። አራቱ ካሉ ይበቃል።

ደረጃ 2፦ ከዩኒቨርሲቲው የቀረ ወረቀት ካለ በመጀመሪያው ሳምንት ጨርሱ

ይህን ከጉብኝቱ ጎን ለጎን አስኪዱት። አብረዋችሁ የተማሩ ልጆች ገና ግቢው አካባቢ ስላሉ ቅጽ የሚያስፈርምላችሁ፣ ውክልና የሚቀበላችሁ ሰው ታገኛላችሁ። መስከረም ላይ አዲስ ተማሪ ሲገባ ሬጅስትራር ይጨናነቃል፤ ጓደኞቻችሁም ይበተናሉ።

ሀ. ክሊራንሳችሁ በሁሉም ክፍል መፈረሙን አረጋግጡ። አንድ ያልተመለሰ የቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ወይም የዶርም ቁልፍ ሁሉን ነገር ያስቆማል።

ለ. ስማችሁን በሁሉም ወረቀት ላይ ፊደል በፊደል አመሳክሩ፤ በአማርኛም በላቲን ፊደልም። የ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬት፣ ጊዜያዊ ዲግሪ፣ ስቱደንት ኮፒ፣ ፋይዳ፣ የቀበሌ መታወቂያ፣ የባንክ ደብተር ጠረጴዛ ላይ ደርድራችሁ አስተያዩ። እኛ አገር ሰይድ፣ የሱፍ፣ እንድሪስ፣ ሙሐመድ የሚሉት ስሞች በላቲን ፊደል ሁለት ሦስት ዓይነት አጻጻፍ አላቸው፤ አንዱ መዝጋቢ አንድ ዓይነት፣ ሌላው ሌላ ዓይነት ይጽፋል። የአያት ስምም እንዲሁ፤ «ወልደ» እና «ወርቅ» ያለበት ስም አንዴ ተያይዞ አንዴ ተለያይቶ ይጻፋል። ቀጣሪም ሆነ ባንክ አንዲት ፊደል ስትለይ «ያው ሰው መሆንህን አረጋግጥ» ይላል። ስሕተቱ ዲግሪው ላይ ከሆነ ዋናው ሳይታተም የ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬታችሁን ይዛችሁ ለሬጅስትራር አመልክቱ። ስሕተቱ ፋይዳ ወይም መታወቂያ ላይ ከሆነ ግን እነሱን ወደ ትምህርት ማስረጃው አስተካክሉ፤ የትምህርት ማስረጃን ከመቀየር ያ ይቀልላል።

ሐ. የወጪ መጋራት ውላችሁን ቅጂ ያዙ። በወጪ መጋራት ደንቡ መሠረት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የወጪውን ድርሻ ሥራ ከያዘ በኋላ ከገቢው እየከፈለ ይመልሳል። ዋናው ዲግሪ በአብዛኛው የሚሰጠው ዕዳው ተከፍሎ ማስረጃ ሲቀርብ ነው። ስለዚህ ቀጣሪ «ዋናውን አምጣ» ቢል አትደንግጡ፤ ጊዜያዊ ዲግሪ የተሰጣችሁ ለዚህ ነው። የዕዳውን መጠን ግን ዛሬውኑ እወቁት።

መ. ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ታሽጎ ከሬጅስትራር በቀጥታ ወደ ጠያቂው መሥሪያ ቤት የሚላክ ወረቀት ነው። አመልካች ራሱ ከፍቶ ካቀረበው ዋጋ የለውም። እንዴት እንደሚጠየቅ፣ ክፍያው ስንት እንደሆነና በተወካይ መጠየቅ ይቻል እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቃችሁ ደብተሩ ላይ ጻፉት።

ሠ. ሁሉንም ስካን አስደርጉ። ፍላሽ ላይ አንድ፣ ኢሜይላችሁ ላይ አንድ፣ ታማኝ እህት ወይም ወንድም ስልክ ላይ አንድ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ከቤቱ ሲወጣ ወረቀቱ የቀረበት ሰው ሰርተፊኬት እንደገና ለማውጣት ምን ያህል እንደሚንገላታ በወሎ ለማንም አይነገርም። ጽሑፎቻችሁ በዩኒቨርሲቲው ኢሜይል ላይ ካሉም ሳይዘጋ ወደ ግል ኢሜይላችሁ አውጧቸው።

የመውጫ ፈተናውን ያላለፋችሁ ካላችሁ፣ ቀጣዩ ዙር መቼ እንደሚመዘገብ ከትምህርት ክፍላችሁ ጠይቁና ቀኑን በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉት። ፈተናው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ግዴታ ነው፤ ማለፊያው 50 ነው፤ መድገም ይቻላል። ለቤተሰብ እውነቱን ንገሩ። ድግስ ከተደገሰ በኋላ ከሌላ ሰው ቢሰሙት ለእነሱም ለእናንተም ይብሳል።

ደረጃ 3፦ የቀረባችሁን ለቅሶ ድረሱ

በኔ እምነት ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው። በቅሬ፣ ማለት በሰፈር እድር፣ ለተሳሰረ ሰፈር ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ጎደሎ ነው። ተማሪ መሆናችሁን ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አይቀየማችሁም። ተመልሳችሁ ሳለ ሳትሄዱ ስትቀሩ ግን ይቀየማሉ። የመጣችሁበት ቀን ለዚህ እንደ መነሻ ይቆጠራል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ጨርሱት።

መጀመሪያ የትኛው ቤት? ሐዘኑ ትኩስ የሆነበት ይቅደም፣ ከዚያ ልጅ ያጣ ወላጅ፣ ከዚያ በዕድሜ የገፋ፣ ከዚያ ሌላው። በቀን ከሁለት ቤት በላይ አትያዙ። ሦስተኛው ቤት ስትደርሱ ሰዓት ታያላችሁ፤ ሰዓት ማየታችሁ ደግሞ ይታያል።

ቀኑን ምረጡ። በገበያ ቀን ሰው ቤቱ አይገኝም፤ ባቲ ሰኞ ብትሄዱ የምታገኙት የተቆለፈ በር ነው። የሙስሊም ቤት ዓርብ ከጁምዓ በኋላ፣ የክርስቲያን ቤት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጥሩ ነው። ክረምት ላይ ገጠር ያሉ ዘመዶች አረም ላይ ስለሚውሉ ወደ ማታ ድረሱ። መንገዱ ጭቃ ነው፣ አንዳንድ ጊዜም ይዘጋል፤ ከመነሣታችሁ በፊት እዚያው ላለ ሰው ደውሉ፤ ማደር ሊኖር ስለሚችል ቤት ተናገሩ።

ከትልቅ ሰው ጋር ግቡ። እናታችሁ ወይም አጎታችሁ አብረዋችሁ ካሉ ማን የሟች ወንድም፣ ማን አማች እንደሆነ በጆሯችሁ ይነግሯችኋል፤ የምትሉትም አይጠፋችሁም። ለክርስቲያን ቤት «እግዜር ያጥናችሁ፣ ነፍስ ይማር»፣ ለሙስሊም ቤት «አላህ ሰብሩን ይስጣችሁ፣ ጀነት ይወፍቃቸው»። የራሳችሁ ሃይማኖት የትኛውም ይሁን፣ የባለቤቱን አባባል ተጠቀሙ፤ ወሎ ውስጥ ማንም በዚህ አይደናገርም። ቀጥሎ የዘገያችሁበትን ባንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩ፦ «ትምህርት ላይ ሆኜ ሳልደርስ ቀረሁ፣ አፉ በሉኝ።» ከዚህ በላይ ማብራሪያ አትደርድሩ። ስለ ፈተና፣ ስለ መንገድ፣ ስለ ኔትዎርክ ማውራት ጨዋታውን ከሟች ወደ እናንተ ያዞረዋል። ስለ ሟቹ የምታስታውሱት ነገር ካለ እሱን አንሡ፤ «ትምህርት ቤት ስሄድ በራቸው ላይ ሁልጊዜ ይመርቁኝ ነበር» ማለት ለባለቤቲቱ ከስኳሩ ይበልጥባታል።

ምን ይዞ መሄድ? ቡናና ስኳር የትም ቤት ያስኬዳል። ሥጋ አትያዙ፤ ባንድ ቤተሰብ ውስጥ ሁለቱም ሃይማኖት ሊኖር ስለሚችል የታረደ ነገር ያስቸግራል። ስለ ምርቃታችሁ ካልተጠየቃችሁ አታንሡ። ከተጠየቃችሁ «ተመስገን፣ ጨረስኩ» በቂ ነው። እነሱው «እንኳን ደስ አለህ፣ እንኳን ደስ አለሽ» ብለው ይመርቃሉ፤ ምርቃቱን ጎንበስ ብላችሁ ተቀበሉ።

የሠርጉና የወሊዱ ቤት ከዚህ ይቀላል። አንድ አንድ ሰዓት፣ ትንሽ ስጦታ፣ «እንኳን በሰላም ተገላገልሽ»። የታመመ ካለ «እግዜር ይማርዎት» ወይም «አላህ አፊያ ያድርግዎት» ብላችሁ፣ ሕመምተኛውን ሳታደክሙ ቶሎ ውጡ።

ደረጃ 4፦ ያስተማሯችሁን ሰዎች አመስግኑ

ከወሎ ቤቶች በብዙዎቹ ሳዑዲ፣ ቤይሩት ወይም ዱባይ ያለች እህት፣ አክስት፣ የአጎት ልጅ አለች። ደብተሩ፣ ላፕቶፑ፣ የትራንስፖርቱ ብር ብዙ ጊዜ የመጣው ከእሷ ነው። ልጆቹ ተመርቀው ፎቶ ፌስቡክ ላይ ሲለጥፉ እሷም እንደ ማንም ሰው እዚያው ታየዋለች። እባካችሁ ይህን አታድርጉ።

መጀመሪያ ለእሷ ደውሉ፤ ከመለጠፋችሁ በፊት። ቤት ውስጥ የምትሠራ ከሆነች የምትመቻት ሰዓት ከእራት በኋላ ዘግይቶ ሊሆን ስለሚችል መቼ ልደውል ብላችሁ አስቀድማችሁ መልእክት ላኩላት። የሪያድ ሰዓት ከእኛ ጋር አንድ ነው፤ የዱባይ በአንድ ሰዓት ይቀድማል። ገንዘቧ ምን ላይ እንደዋለ በስሙ ንገሯት፦ «ያኔ የላክሽው ብር የመመረቂያ ጽሑፌን ማተሚያ ሆነ።» ከዚያ በዚያው ጥሪ ላይ ምንም አትጠይቋት። ስልክ ይቀየርልኝ፣ ለሥራ መነሻ ላኪልኝ የሚባል ነገር ካለ ለሌላ ወር ይቆይ፤ ባንድ ላይ ከመጣ ምስጋናው ማስታወቂያ ይሆንባታል።

የሰፈር አስተማሪዎቻችሁንም በዚሁ ሳምንት ጠይቁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያስተማሩ መምህር የድሮ ተማሪያቸው በር አንኳኩቶ ሲገባ የሚሰማቸውን ደስታ ፊታቸው ላይ ታያላችሁ።

ደረጃ 5፦ ቀበሌ፣ ፋይዳ፣ ባንክ

ቀበሌ ስትሄዱ ወላጅ ይዛችሁ ሂዱ። በቤተሰብ ቅጹ ላይ ስማችሁ መኖሩን አረጋግጡ፤ ለትምህርት ስትወጡ ተሰርዞ ሊሆን ይችላል። በዩኒቨርሲቲው ከተማ የነዋሪነት መታወቂያ አውጥታችሁ ከነበረ ከዚያ መሸኛ ያስፈልጋል። የልደት ምስክር ወረቀት ከሌላችሁ በዚያው ዕለት ወሳኝ ኩነት ክፍል ጠይቁ፤ በኋላ ለፓስፖርት ይፈለጋል። ምስክር ሊጠየቅ ይችላልና የሰፈር ሰው እንደሚያስፈልግ አስቡ፤ ደረጃ 3ን ሳትጨርሱ ወደዚህ አትምጡ ያልኩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ፋይዳ ያልተመዘገባችሁ ተመዝገቡ። የጣት አሻራ፣ የዓይንና የፊት ምስል ይወሰዳል፤ 12 አሃዝ ያለው ቁጥር በስልካችሁ መልእክት ይመጣል። ስለዚህ የምታስመዘግቡት ስልክ በራሳችሁ ስም ያለ፣ የማይቀየር ይሁን። ከዚያ ያንኑ ቁጥር ይዛችሁ ባንክ ሂዱ፤ የተማሪነት ሒሳባችሁ ከድሮ ስልክ ጋር የተያያዘ ከሆነ አስቀይሩ። ሲቪ ላይ የጻፋችሁት ስልክ ሞቶ የፈተና ጥሪ ያመለጣቸው ልጆች ብዙ ናቸው።

ቤተሰባችሁ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ካለው ደብተሩን አውጥታችሁ ስማችሁ መኖሩን እዩ። 18 ዓመት የሞላው ልጅ ተጨማሪ ክፍያ ሊጠየቅበት ይችላል፤ ምዝገባና እድሳቱ በዓመት የተወሰነ ወቅት ስላለው ጊዜውን ቀበሌ ጠይቁ።

ደረጃ 6፦ ሰውነታችሁን አስመርምሩ

ጋምቤላ፣ አሶሳ፣ አርባ ምንጭ፣ ሰመራ ተምራችሁ ከመጣችሁና ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ራስ ምታት ከጀመራችሁ፣ «የደሴ ብርድ መታኝ» ብላችሁ አትተኙ። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ስላለች ብርዱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ቪቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ይነሣል። ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ የት እንደተማራችሁ ንገሯቸው፤ ካልነገራችኋቸው ወባን ላይጠረጥሩ ይችላሉ። መድኃኒቱን ሲሻላችሁ አታቋርጡ፤ ጉበት ውስጥ የተደበቀውን የሚያጠፋው የመጨረሻው ክፍል ነው።

የዓይን ነገር ያስቸገራችሁ፣ አራት ዓመት ስክሪንና ሃንድአውት ላይ የቆያችሁ፣ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና አለ። ጥርስም እንዲሁ ሳይብስ ይታይ።

ደረጃ 7፦ ቤት ውስጥ በግልጽ ተነጋገሩ

እናንተ ስትሄዱ ልጅ ነበራችሁ፤ ስትመለሱ ሌላ ሰው ናችሁ። ቤቱ ግን እናንተ ሳትኖሩ የራሱን አካሄድ ይዟል፤ ታናሽ ወንድማችሁ ክፍላችሁን ወርሶታል። ሳይነጋገሩ መኖር ከተጀመረ በሁለተኛው ወር ኩርፊያ ይመጣል።

አባትና እናታችሁ አብረው ባሉበት ሦስት ነገር ተናገሩ። እስከ መቼ ቤት ለመቆየት እንዳሰባችሁ፤ የቤቱን የትኛውን ሥራ እንደምትይዙ፤ ማታ ስንት ሰዓት እንደምትገቡ። የምትይዙት ሥራ የተለየ ይሁን። «አግዛለሁ» ብቻ ማለት አይታይም። ውኃ በሚመጣበት ቀን በርሜሉን መሙላት፣ የእህታችሁን ልጅ ሒሳብ ማስጠናት፣ ለእናታችሁ የመብራት ክፍያውን በቴሌብር መክፈል፣ ቅሬው በተጠራ ቀን በአባታችሁ ፋንታ ድንኳን መትከል። የመጨረሻውን በተለይ ያዙት፤ ሰፈሩ እንደተመለሳችሁ የሚያውቀው በዚያ ነው።

በዩኒቨርሲቲው ከተማ የቀረ ብድር ካለ፣ ለካፌም ይሁን ለጓደኛ፣ መጠኑንና ቀኑን ጻፉና ትንሽ ትንሽ እያደረጋችሁ ላኩ። ዝም ካላችሁ ጓደኛው ይጠፋል።

ደረጃ 8፦ አሁን ሥራ ፈልጉ

መጀመሪያ «ሥራስ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ አዘጋጁ። አትሽሹት። መልሱ ሁለት ነገር ይያዝ፦ የተማራችሁት በቀላል ቋንቋ፣ የምትፈልጉትም እንዲሁ። «አካውንቲንግ ነው የተማርኩት፤ ሒሳብ መያዝ፣ ፋብሪካም መጋዘንም ቢሆን እሠራለሁ፤ ከሰማችሁ ንገሩኝ።» አክስታችሁ የዲግሪውን ስም በእንግሊዝኛ ብትሰማ ለማንም ልታደርሰው አትችልም። ይህን ከሰማች ግን ኮምቦልቻ ፋብሪካ ለሚሠራው ጎረቤቷ ያንኑ ቀን ትነግረዋለች።

ቀጥሎ ወረዳችሁ ወይም ክፍለ ከተማችሁ ባለው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት እንደ ሥራ ፈላጊ ተመዝገቡ። የክልሉን ማስታወቂያ በኩር ጋዜጣ ላይ ተከታተሉ፤ የሲቪል ሰርቪስ ጽሕፈት ቤቶችን ሰሌዳ በሳምንት አንድ ቀን በአካል ሂዳችሁ አንብቡ፤ ሰሌዳ ላይ የወጣ ሁሉ ቴሌግራም ላይ አይወጣም። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክና በዙሪያው ያሉ ፋብሪካዎች፣ የወሎና የወልድያ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ሆስፒታሎች፣ ባንኮች የየራሳቸውን ማስታወቂያ ያወጣሉ። ገንዘብ ወይም ንብረት ለሚያስይዝ ሥራ ዋስ ይጠየቃል፤ ቋሚ ሥራ ያለው ዘመድ አስቀድማችሁ አስቡ። ዋስ መሆን ከባድ ሸክም ነው፤ ለቅሶውን ለመድረስ ጊዜ ያላገኛችሁለትን ሰው በዚያው ሳምንት ዋስ ሁነኝ ማለት አይቻልም።

ማስጠንቀቂያ

ዋናውን ሰነድ ለማንም ትታችሁ አትውጡ። ቅጂ ስጡ፣ ዋናውን አሳይታችሁ ተቀበሉ።

ለሥራ ምዝገባ፣ ለቃለ መጠይቅ ወይም «ለቅድመ ሥልጠና» ብር ክፈሉ ለሚል አትክፈሉ። በስልካችሁ የመጣውን የማረጋገጫ ቁጥር ባንክም ሆነ ሌላ ነኝ ለሚል አትንገሩ።

ይህን ደግሞ በተለይ አንብቡልኝ። ሥራ የፈታ ተመራቂ እንዳለ ደላላ ቶሎ ይሰማል። በባቲ በኩል ወደ አፋር፣ ከዚያ ጅቡቲ፣ ኦቦክ፣ በጀልባ የመን የሚባለው መንገድ ከየሰፈራችን ልጆችን ወስዶ ያልመለሰ መንገድ ነው። ታግተው ቤተሰባቸው መሬት ሸጦ ያስለቀቃቸው አሉ፤ ባሕር ላይ የቀሩም አሉ። ውጭ ሄዶ መሥራት የምትፈልጉ ከሆነ ኤጀንሲው ፈቃድ ያለው መሆኑን የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ጠይቁ፤ ውል ሳይጸድቅ ከቤት አትውጡ። ፓስፖርት ደሴ ባለው የኢሚግሬሽን ቅርንጫፍ ይወጣል፤ «እኔ አወጣልሃለሁ» የሚል መንገደኛ አያስፈልጋችሁም።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስሕተቶች

የምርቃት ድግሱን ከለቅሶው ማስቀደም። በዝርዝሩ ላይ ትኩስ ሐዘን ያለበት የቅርብ ዘመድ ካለ መጀመሪያ እሱ ቤት ሂዱና ስለ ድግሱ አማክሯቸው። ብዙ ጊዜ «ደግሱ፣ ምን ቸገረ» ይላሉ፤ ግን መጠየቃቸውን ይፈልጋሉ። ቀኑንም ስትቆርጡ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ፍልሰታ መሆኑን አስቡ፤ የክርስቲያን እንግዶቻችሁ ሥጋም ወተትም አይቀምሱም። እንግዳው ከሁለቱም ሃይማኖት ከሆነ አራጁና ድስቱ እንዲለይ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ለሁሉም ባንድ ቀን መልእክት መላክ። «ሰላም ናችሁ፣ ተመርቄ መጥቻለሁ» የሚል አንድ ጽሑፍ ለሃምሳ ሰው መላክ ጉብኝትን አይተካም። አዲስ አበባ ወይም ውጭ ላለ ሰው ድምፅ ይበቃል፤ በእግር ለሚደረስበት ግን በእግር ይሄዳሉ።

ከእኩዮች ጋር መወዳደር። አንዱ ባንክ ገብቷል፣ ሌላዋ ለማስተርስ ሄዳለች። ይህ ሐሳብ ሌሊት ሲመጣ የሚረዳው ደብተሩን አንሥቶ ነገ የምትሄዱበትን አንድ ቤት ወይም የምታወጡትን አንድ ወረቀት መምረጥ ነው። ሐዘኑ ወይም ጭንቀቱ ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍና ምግብ ከከለከላችሁ ግን ለአንድ የምታምኑት ታላቅ ሰው ንገሩና ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ሕክምና ያለው ሕመም ነው።

ዝርዝሩን በአንድ ሳምንት ለመጨረስ መሮጥ። የተሮጠበት ጉብኝት እንደገና መደገም ይኖርበታል። በስድስተኛው ሳምንት መጨረሻ ያልተሰረዘ መስመር ካለ እናታችሁን እንደገና ጠይቁ፤ ከመጀመሪያው ቀን የዘነጋችው አንድ ሁለት ቤት አይጠፋም፤ እነሱንም ጨምሩና ቀን ያዙላቸው።